ጭስ በዛ ብላችሁ ዘይት አትቀንሱ፦ የቼይንሶና የሳር ማጨጃ ዘይት አመራረጥና አደባለቅ ለሰሜን ሸዋ ደጋና ቆላ

ደብረ ብርሃን ዙሪያ በቼይንሶ (በሞተር መጋዝ) ባህር ዛፍ የሚቆርጥ ሰው «ከቤንዚኑ ጋር ዘይቱን ስንት ታደርጋለህ?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። «በግምት!» አንዱ በዘይቱ ክዳን ይሰፍራል። ሌላው ቀለሙን አይቶ «አሁን ይበቃዋል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ማሽኑ ስለሚጨስ ዘይቱን በየጊዜው እየቀነሰ ይሄዳል። ከሦስቱ ማሽኑን ቶሎ የሚገድለው ይሄኛው ነው። በደጋ ላይ የሚታየው ጭስ ብዙ ጊዜ ከዘይቱ ሳይሆን ከአየሩ ነው የሚመጣው። መፍትሔውም ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ላይ እንጂ ዘይቱ ላይ አይደለም። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ዘይቱን እንምረጥ፣ እንለካ፣ እናደባልቅ።

ማሽናችሁ በእርግጥ ባለ ሁለት ምት ነው?

ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚደባለቀው ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ለሆነ ሞተር ነው። ቼይንሶ ከሆነ፣ በቤንዚን የሚሠራው ሁሉ ባለ ሁለት ምት ነው ብትሉ አትሳሳቱም። በትከሻ የሚንጠለጠለው የሳር ማጨጃ ግን ሁለት ዓይነት አለው። ለምሳሌ የሆንዳ ጂኤክስ35 ሞተር ያለው ማጨጃ ባለ አራት ምት ነው። ለእሱ ንጹሕ ቤንዚን ነው የሚቀዳለት፤ ዘይቱ በራሱ ቦታ ለብቻው ይገባል። በጀርባ የሚታዘለው የመድኃኒት መርጫና ትንሿ ጀነሬተርም በሁለቱም ዓይነት ይመጣሉ።

መለያው ቀላል ነው። ሞተሩ ላይ፣ ከቤንዚኑ ሌላ የሞተር ዘይት መጨመሪያ ክዳን ካለ ባለ አራት ምት ነው። ከሌለ ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ነው። ቼይንሶ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሁለት ክዳን ታያላችሁ። አንዱ የነዳጅ ነው፤ ሁለተኛው የካቴናው (የመቁረጫው ሰንሰለት) ማለስለሻ ዘይት መጨመሪያ ነው እንጂ ከሞተሩ ጋር ግንኙነት የለውም። ክዳኑ ላይ ወይም አጠገቡ የተቀረጸውን ምልክት እዩ። የማደያ ቧንቧ ያለበት የነዳጅ ነው፤ ካቴናና የዘይት ጠብታ ያለበት የካቴናው ነው። ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር ይሄን ማሳየት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ዘይቱ ለምን ከቤንዚኑ ጋር ይገባል?

መኪና ሞተሩ ሥር ዘይት የሚጠራቀምበት ቦታ አለው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ይሄ የለውም። ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ የሚገቡት ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደሚሽከረከርበት ክፍል ነው። ከዚያ ወጥተው ከፒስተኑ በላይ ሄደው ይቃጠላሉ። በመንገዳቸው ላይ ኮሎውን፣ ኩሽኔታውን (ቤሪንጉን)፣ ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር የተሳፈረው ዘይት ብቻ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ራሱም ይቃጠላል።

እንግዲህ ዘይቱ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። ሲኖር ማለስለስ፣ ሲቃጠል ብዙ አመድ አለመተው። የመኪና ሞተር ዘይት፣ 40 ይሁን 20/50፣ ለመቃጠል አልተሠራም። ውስጡ ያሉት ማጽጃ ቅመሞች ሲቃጠሉ አመድ ይሆናሉ። አመዱ ካንዴላው ላይ ይቀመጣል፣ ፋሻውን ያጣብቃል፣ የጭስ መውጫውን ይደፍናል። «እኔ ለዓመታት በመኪና ዘይት ሠርቻለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ዕቃ) ፈትቶ ያሳያችሁ።

ዘይት ስትገዙ ጣሳው ላይ ምን ታነባላችሁ?

ሱቅ ትገባላችሁ። «ወንድሜ፣ የቼይንሶ ዘይት አለህ?» «አለ፣ ይኸው! ለሁሉም ይሆናል።» ይቺ «ለሁሉም ይሆናል» የምትባለው ነገር ናት ጣሳውን እንድታዞሩት የምታስገድዳችሁ።

ከኋላው በትንሽ ጽሑፍ የደረጃ ስም አለ። ዋናው የጃፓኖቹ ደረጃ ጃሶ ነው። ኤፍቢ፣ ኤፍሲ፣ ኤፍዲ ይላል። ኤፍቢ ዝቅተኛው ነው። ኤፍሲ ጭሱ ያነሰ ነው፤ የጭስ መውጫውንም ብዙም አይደፍንም። ኤፍዲ በጭሱ እንደ ኤፍሲ ሆኖ ሞተሩን በማጽዳት ይበልጠዋል። አንዳንዱ ጣሳ ላይ ደግሞ ኢጂቢ፣ ኢጂሲ፣ ኢጂዲ የሚል ዓለም አቀፍ ደረጃ ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ኤፒአይ ቲሲ የሚለውም በአየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሰጠ የቆየ ደረጃ ነው፤ ይሆናል።

የማይሆነው ቲሲ ደብሊው 3 የሚለው ነው። እሱ የጀልባ ሞተር ዘይት ነው። የጀልባ ሞተር በሐይቁ ውኃ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ስለዚህ ብዙ አይግልም። የእኛ ቼይንሶ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ያውም እንጨት ብናኝ በሸፈነው ክንፍ መሀል በሚያልፍ አየር። ሙቀቱ ለጀልባ ዘይት ከባድ ነው። ጣሳው ላይ የጀልባ ሥዕል ካለ መልሱለት።

የሞተር ሳይክል ባለ ሁለት ምት ዘይትስ? ግብርና ጽሕፈት ቤት አካባቢ የምታውቋቸው የያማሃ ዲቲና ኤጂ 100 ሞተር ሳይክሎች ባለ ሁለት ምት ናቸው። የእነሱ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው። ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ካለበት ለቼይንሶም ይሆናል። ልዩነቱ ሞተር ሳይክሎቹ ዘይቱን ከራሱ ዕቃ በፓምፕ እየሳቡ ራሳቸው መደባለቃቸው ነው። የእኛ ማሽን ያ ፓምፕ የለውም፤ ፓምፑ እናንተ ናችሁ።

ሲንተቲክ ነው፣ ግማሽ ሲንተቲክ ነው፣ ተራ ነው የሚለው ክርክር ብዙ አያስጨንቃችሁ። ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሰው ሲንተቲኩ ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ይቃጠላል። በወር አንዴ ግቢ ለሚያጭድ ሰው ግን እውነተኛ ኤፍሲ ተራ ዘይት ይበቃዋል። እኔ ከስሙ ይልቅ ማሸጊያውን ነው የማየው። የክዳኑ ቀለበት የተላቀቀ፣ ስያሜው የተጨማደደ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ ጣሳ በነጻ ቢሰጠኝም አልወስድም። ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ቀይ ወይም አረንጓዴ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም። ቀለም የሚገባበት የተደባለቀውን ካልተደባለቀው እንድትለዩ ነው።

መጠኑ፦ 50 ለ 1 ማለት ምን ማለት ነው?

50 እጅ ቤንዚን፣ 1 እጅ ዘይት ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። «ለ1 ሊትር 50 ሚሊ ዘይት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ብዙ ነው። ያ 20 ለ 1 ነው፤ ከሚያስፈልገው ሁለት እጥፍ ተኩል ዘይት ጨምራችኋል።

ስሌቱን በቃል ያዙት። 1,000ን ለትልቁ ቁጥር አካፍሉ። የሚወጣው ለ1 ሊትር ቤንዚን የሚገባው የዘይት ሚሊ ሊትር ነው።

50 ለ 1 ከሆነ ለ1 ሊትር 20 ሚሊ፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ።
40 ለ 1 ከሆነ ለ1 ሊትር 25 ሚሊ፣ ለ5 ሊትር 125 ሚሊ።
33 ለ 1 ከሆነ ለ1 ሊትር 30 ሚሊ፣ ለ5 ሊትር 150 ሚሊ።
25 ለ 1 ከሆነ ለ1 ሊትር 40 ሚሊ፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ።

የትኛውን እንደምትይዙ የሚወስነው የማሽኑ መመሪያ ነው። ስቲል የተባለው የቼይንሶ አምራች በራሱ ዘይት 50 ለ 1 ይላል፤ በሌላ አምራች የቲሲ ዘይት ከሆነ 25 ለ 1። ሁስክቫርናም በራሱ ዘይት 50 ለ 1፣ በሌላ ዘይት 33 ለ 1 ብሎ ይጽፋል። ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹ 25 ለ 1 ወይም 40 ለ 1 ይላሉ፤ ነዳጅ ክዳኑ ላይ የሚቀረጽባቸውም አሉ። ወረቀቱ የጠፋ፣ ክዳኑም ምንም የማይል ከሆነ፣ በኤፍሲ ወይም ኤፍዲ ዘይት 40 ለ 1 ያዙ። ትንሽ ዘይት ቢበዛ ካንዴላ ታጸዳላችሁ። ዘይት ካነሰ ግን ፒስተን ትገዛላችሁ። የሁለቱ ዋጋ አይገናኝም።

ግቢያችሁ ውስጥ 50 ለ 1 የሚል ቼይንሶና 40 ለ 1 የሚል ማጨጃ ካለ ሁለት ጀሪካን ከማምታታት ሁለቱንም በ40 አንድ አድርጉት። 25 ለ 1 የሚለውን ግን ለብቻው ያዙ።

ቤንዚኑን መፈተሽ

በጀሪካን ከማደያ መቅዳት ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሰው መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። እዚህ ጋ ሁለት ነገር ይጠርጠር፤ ልኩና ንጽሕናው።

ልኩን ራሳችሁ ስፈሩት። «አምስት ሊትር» ተብሎ የተሸጠላችሁ አራት ተኩል ሊሆን ይችላል። ለአምስት የለካችሁት ዘይት ለአራት ተኩል ይበዛል። ያ ያን ያህል አይጎዳም። ጉዳቱ በተገላቢጦሹ ነው። የሃይላንዱ ስያሜ 1 ሊትር ቢልም እስከ አፉ ከሞላችሁት ከዚያ ያልፋል።

ንጽሕናውን በወረቀት እዩ። አንድ ጠብታ ቤንዚን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉ፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል። ላምባ ወይም ናፍጣ የገባበት ከሆነ ቅባት የመሰለ ክብ ይቀራል። ይሄን ፈተና ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ነው የምታደርጉት። ከጨመራችሁ በኋላ ክብ መቅረቱ አይቀርም። እንዲያውም «ይሄ ጀሪካን ዘይት ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም?» ብላችሁ ስትጠራጠሩ ያው ጠብታ መልስ ይሰጣችኋል።

ሌላው ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው አልኮል፣ ኢታኖል ነው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ፣ በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። እስከ 10 በመቶ የሚደርሰውን አብዛኛው ማሽን ይችለዋል። ችግሩ ኢታኖል ውኃ መሳቡ ነው። ውኃው ሲበዛ ኢታኖሉና ውኃው ተያይዘው ከታች ይዘቅጣሉ፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ከላይ ይቀራል። የማሽኑ ነዳጅ መሳቢያ ደግሞ ከታች ነው የሚጠጣው። ለማወቅ ቀጭን የመስታወት ብልቃጥ ውሰዱ። ጥቂት ውኃ አድርጉና የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሩ። ቤንዚን ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ናጡ፣ አስቀምጡት። ውኃው ከመስመሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ኢታኖል አለ። እንዲህ ከሆነ ለጥቂት ቀን ሥራ የሚበቃ ብቻ ደባልቁ፤ አታከማቹ።

አደባለቁ

የሚያስፈልጋችሁ አምስት ነገር ነው። ለነዳጅ የተሠራ ወፍራም ጀሪካን ወይም የብረት ጣሳ፣ ስስ ወንፊት ያለው ማንቆርቆሪያ፣ ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የማይለቅ ማርከር።

ስሪንጁን ፋርማሲ ታገኙታላችሁ። መርፌውን አውጥታችሁ አስወግዱት። ከዘይት ክዳን ይልቅ በጣም የተሻለ ነው፤ 20 ሚሊ ሲባል 20 ሚሊ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው። ቤንዚን ከነካው ጫፉ ላይ ያለው ጥቁር ላስቲክ ያብጥና መግፋት ያቅታል። ስለዚህ ዘይት ብቻ ሳቡበት። በቤንዚን አትጠቡት፤ በጨርቅ ጥረጉት። ቁጥሮቹም በቅባት ይለቃሉ። አዲስ እያለ 20ና 10 ላይ በምላጭ ጫር አድርጉት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ያ የደብረ ብርሃን ውርጭ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ጠዋት፣ ውጭ ያደረ ዘይት ይወፍራል። በስሪንጅ ቶሎ ስትስቡት አየር ይገባና ልኩ ይዛባል። ዘይቱን ማታ ቤት አሳድሩት። እሳት ዳር አይደለም፤ ቤት ውስጥ ብቻ። ስትስቡም ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ አረፋ ከገባ መልሳችሁ ግፉና እንደገና ሳቡ።

አሁን 5 ሊትር በ50 ለ 1 እንደባልቅ።

1. ነፋስ ያለበት ሜዳ ላይ ውጡ። ምድጃ፣ የቡና ከሰል፣ ኩራዝና ሲጋራ አጠገባችሁ አይኑር። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡት፤ መኪና ላይ እንዳለ አትቀዱ።

2. ከቤንዚኑ ግማሹን፣ ማለትም 2 ሊትር ተኩል ገደማ፣ በወንፊቱ አሳልፋችሁ ቅዱ።

3. 100 ሚሊ ዘይት ጨምሩ፤ በ20 ሚሊው ስሪንጅ አምስት ጊዜ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ። ሰው ሲያወራችሁ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ይጠፋል።

4. ክደኑና ለአንድ ደቂቃ ያህል ናጡ። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ላላ አድርጉት፤ የታመቀው እንፋሎት ይውጣ።

5. የቀረውን ቤንዚን ጨምሩ፤ እንደገና ናጡ።

6. ጀሪካኑ ላይ ቀኑንና መጠኑን ጻፉ። «50፣ ጥር 12» ብትሉ ይበቃል። «ቤንዚን» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ ሞተር ሳይክሉ ላይ ይገለብጠዋል። በተለይ ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ። ሰማያዊ ዘይት የገባበት ቤንዚን ለልጅ ዓይን ለስላሳ መጠጥ ነው።

ዘይቱን ከታች አድርጋችሁ ቤንዚኑን በላዩ ብታፈሱ፣ በተለይ በብርድ፣ ከሥር ተለጥፎ የሚቀር ዘይት ይኖራል። ግማሽ ቤንዚን መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። ማሽኑ ታንክ ውስጥ መደባለቅማ ጨርሶ አይሁን። ታንኩ ትንሽ ነው፤ ለመናጥም አይመችም። መሳቢያው መጀመሪያ ወፍራም ዘይት ይጠጣና አይነሳም፤ በኋላ ደግሞ ባዶ ቤንዚን ይጠጣል። በሚገባ የተደባለቀ ነዳጅ በቀላሉ አይለያይም፤ ቢሆንም በቀዳችሁ ቁጥር ጀሪካኑን ናጥ ናጥ አድርጉት።

ደጋና ቆላ፦ ጭሱ ከየት ይመጣል?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። ከደብረ ብርሃን 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንድ ቀን ጠዋት ደጋ ቆርጦ ከሰዓት ቆላ የሚወርድ ቼይንሶ ያለው አገር ነው የእኛ።

ደብረ ብርሃን ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ማሽኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በዚያ ልክ ያንሳል። ተራው ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛበታል። ማሽኑ ይታፈናል፣ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ኃይሉ ይወርዳል። ሰው ጭሱን ያያል። ጭስ ማለት ዘይት ነው ብሎ ዘይቱን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት ይሠራል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ኩሽኔታውና ፒስተኑ ማለስለሻ ያጣሉ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዘይት በተቀነሰ ቁጥር በሚፈሰው ነዳጅ ውስጥ የቤንዚኑ ድርሻ በትንሹ ከፍ ይላል። ቀድሞውንም ቤንዚን ለበዛበት ማሽን ሌላ ቤንዚን ጨመራችሁለት ማለት ነው። የዘይቱ መጠን ጣርማ በር ላይም ሸዋ ሮቢት ላይም ያው ነው። የሚስተካከለው ካርቡሬተሩ ነው።

ከካርቡሬተሩ በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጡ። ባህር ዛፍ ብናኝ የጠጣ ማጣሪያም ማሽኑን በዚያው መንገድ ያፍነዋል። በሳሙናና በሞቀ ውኃ እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ፣ መልሱት። ብዙ «የከፍታ ችግር» እዚህ ጋ ያልቃል።

ካላለቀ ወደ ብሎኖቹ ኑ። ተራ ካርቡሬተር ላይ ሦስት ብሎን አለ። ኤል የሚለው ለዝቅተኛ ዙር፣ ኤች የሚለው ለሙሉ ጋዝ፣ ሦስተኛው ማሽኑ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት ለመወሰን ነው። አንዳንድ አዲስ ማሽኖች ራሳቸውን በኤሌክትሮኒክስ ያስተካክላሉ፤ ብሎን ካጣችሁ አትፈልጉ። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ብሎኑ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል። የሚገታውን ክዳን አትስበሩ።

ማሽኑን አስነስታችሁ አሙቁት። መጀመሪያ ብሎኑ አሁን የት እንዳለ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ በካቻቢቴ ኤችን ወደ ሰዓት አዟዟር የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል አዙሩ፤ ይሄ ቤንዚኑን ይቀንሳል። አሁን ጆሯችሁን ስጡት። እንጨት ሳይነካ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት ድምፁ በትንሹ የሚንተከተክ መሆን አለበት። እንጨት ውስጥ ሲገባ ያ መንተክተክ ይጠፋና ጥርት ይላል። ልኩ ይሄ ነው። ባዶውን ሲጮህ ጥርት ያለ፣ እንደ ፉጨት የቀጠነ ድምፅ ካወጣ ቤንዚን አንሶታል። ወዲያው ጋዙን ልቀቁና ብሎኑን መልሱ። ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ፒስተን ሲሊንደሩ ላይ የሚጣበቀው እንዲህ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ደብረ ብርሃን ላይ ያስተካከላችሁትን ማሽን ይዛችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ አየሩ ይወፍራል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሯል። ደጋ ላይ ልክ የነበረው ቤንዚን እዚያ ያንሳል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ኤችን ወደ ድሮ ምልክቱ መልሱትና እንደገና በጆሮ አስተካክሉ። ደጋ የወጣ ማሽን ሳይስተካከል ቢሠራ የሚከፍለው ጭስና ቤንዚን ነው። ቆላ የወረደ ግን ሞተሩን ይከፍላል። «ኧረ ለአንድ ቀን ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ከፍታው የሚወስደውን ኃይል ግን በብሎን አትመልሱትም። አየሩ ሲሳሳ ኃይሉ መውረዱ አይቀርም። ስለታም ካቴና ከዚያ ይበልጥ ይረዳችኋል።

ካንዴላውን ማንበብ

ትንሽ ከቆረጣችሁ በኋላ፣ በሥራ ላይ እንዳለ አጥፉት። ሲበርድ ካንዴላውን አውጡ። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ከያዘ ሁሉም ልክ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፣ ወይ ማጣሪያው ተደፍኗል። ነጭ ሆኖ የደረቀ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ማሽኑን እንደገና ሳታስተካክሉ አታስነሱት። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ መጨሱ ግን የጤና ነው።

ዘይት የሌለበት ቤንዚን ከገባ

ገና ካልተነሳ ችግር የለም፤ ታንኩን ገልብጡት፣ በተደባለቀ ነዳጅ አለቅልቁት፣ እንደገና ሙሉት። ሠርቶ ከነበረ ወዲያው አጥፉ። በራሱ ከቆመ፣ ሲበርድ ገመዱን በቀስታ ሳቡት። ከከበደ ወይም ጨርሶ አልሳብ ካለ አታስገድዱት።

ከዚያ ማርሚታውን የያዙትን ብሎኖች ፍቱና አውርዱት። በጭስ መውጫው ቀዳዳ የፒስተኑ ጎን ይታያል። በባትሪ ብርሃን እዩት። ለስላሳና አንጸባራቂ ከሆነ አምልጣችኋል። ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጭረቶች ካያችሁ ፒስተኑ ተጎድቷል፤ ዘይት ጨምሮ መቀጠል አያድነውም። ያገለገለ ቼይንሶ ስትገዙም ይሄንኑ አድርጉ። ሻጩ ማርሚታውን ማስፈታት ካልፈለገ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ማስቀመጥ

የተደባለቀ ነዳጅ ለአንድ ወር ይበቃችሁ፤ ከዚያ በላይ አታከማቹ። ቤንዚኑ ይተናል፣ ይበላሻል። ግማሽ ጎደሎ ጀሪካን ውስጥ ደግሞ ቀን ሞቆ ሌሊት በሚበርድበት የደጋ አየር ጤዛ ይቋጥራል። ጀሪካኑ ሞላ ያለ፣ ጥብቅ የተከደነ፣ ፀሐይ የማያገኘው፣ ሰው ከሚተኛበት ቤት ውጭ የሆነ ቦታ ይቀመጥ።

ሥራ ላይ ስትቀዱ ማሽኑ ይብረድ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ከቀዳችሁበት ቦታ ቢያንስ 3 ሜትር ርቃችሁ አስነሱ፤ ደረቅ የባህር ዛፍ ቅጠል ለመቀጣጠል ሰበብ አይፈልግም።

ክረምት ገብቶ ማሽኑ ለወራት የሚቆም ከሆነ ታንኩን ባዶ አድርጉ። ከዚያ አስነሱትና ያለ ጋዝ እስኪጠፋ ተዉት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ይለቅ። አለበለዚያ ቤንዚኑ ተኖ ዘይቱ እንደ ሙጫ ይቀርና መስከረም ላይ ገመድ ስትስቡ ትውላላችሁ። ወር ያለፈውን ድብልቅ መሬት ላይ አትድፉት። በቤንዚን የሚሄድ መኪና ያለው ጎረቤት ካለ፣ ታንኩ ሙሉ ሲሆን ትንሽ ትንሽ እያደረገ ይጨርሰዋል። ውኃ ወይም ዝቃጭ የሚታይበትን ግን ለእሱም አትስጡት።